የሌላ አገር ማሊያ

ሞጣ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016

ለአሰልጣኝ ሰጠኝ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጨርቁም ይሸጣል፣ ቤቱም እንደቆመ ነው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው።

ይህ ወረቀት የሚደርስዎት በወንድሜ በሐምዱ በኩል ነው። ሞጣ ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰነበተ፤ ስልኩም ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይጠፋል። እኔ ጽፌ በአውቶቡስ መርካቶ እልክለታለሁ፣ እሱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ እናንተ አገር ያሻግረዋል። እርስዎም ጽፈው ፎቶውን ይላኩለት፣ አሳትሞ ይልክልኛል። ያነበዋል። ያንብበው፤ የምደብቀው ነገር የለኝም።

ልጄ ዘሚራ ከደወለች ቆየች። መጨረሻ የደወለች ቀን "እናቴ፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው" እያለች ደጋገመችብኝ። ዘሚራ ደህና ስትሆን ደህና ነኝ አትልም። ስለ ጫማዋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ አብረዋት ስለሚኖሩት ልጆች ኩርፊያ ነው የምታወራው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትርሲት የምትባል፣ ከዚያው ከእናንተ ከተማ የተመለሰች ልጅ፣ ሱቄ ገብታ ሻሽ ስትመርጥ "የዘሚራ አሰልጣኝ እኮ ከክለቡ ወጥቷል" አለችኝ። ሻሹን ከእጇ ተቀብዬ አጣጠፍኩት። ዛሬ አልሸጥም አልኳት።

እርስዎ ባሌ በሞተ በዓመቱ እዚሁ ሱቅ መጥተው፣ "እንደወሰድኳት እመልስልዎታለሁ፣ ማርያምን" ብለው ነው ልጄን ዓረብ አገር ይዘዋት የሄዱት። እኔ በማርያም አልምልም። እርስዎ ግን እንደሚፈሯት አውቃለሁና አመንኩ። አሁን ይንገሩኝ። ክለቡ ውስጥ አሉ ወይስ የሉም? ከሌሉ ልጄ ከማን ጋር ናት?

ዑሙሰልማ


ኅዳር 18 ቀን 2016

ለክብርት ወይዘሮ ዑሙሰልማ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? በሞጣ ያሉ ጎረቤቶችም ሁሉ ደህና ናቸው? መልሴ ስለዘገየ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ወረቀትዎ አንድ ላይ ነው የደረሰኝ። በሁለተኛው የጻፉት ቃል ከበድ ይላል፤ የእናት ጭንቀት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ዘሚራ ደህና ናት። ቁርጭምጭሚቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል። የምትኖረው ከሌሎች ሯጮች ጋር በክለቡ ቤት ነው። የማትደውለው ክለቡ ከውድድር በፊት ስልክ ስለሚሰበስብ ነው።

እኔን በተመለከተ ትንሽ የወረቀት ጉዳይ ገጥሞኛል። እዚህ የውጭ አገር አሰልጣኝ ቪዛው የሚወጣው በቀጠረው ክለብ ስም ነው፤ የሚያድስለትም ክለቡ ነው። የእኔ እድሳት ዘገየ። እስኪታደስ ድረስ ሜዳ መግባት አልችልም። ትርሲት የሰማችው ይህንኑ ይሆናል። በብዙ አሰልጣኝ ላይ የሚደርስ ነው፤ ከኬንያ የመጣ አንድ ባልደረባዬም እንዲሁ ሆኖ ኋላ ተስተካክሎለታል። እባክዎ አይጨነቁ፣ ሌላ ሰውም አያስጨንቁ።

አክባሪዎ ሰጠኝ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016

ሰጠኝ፣

ከእንግዲህ "እርስዎ" የለም። እርስዎ የሚባለው እውነት ለሚናገር ሰው ነው።

አገርህ ቢቸና ሄጄ መጣሁ። መንገዱ የተከፈተ ቀን ጠብቄ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ለፍተሻ ወርጄ፣ እንደገና ተሳፍሬ ደረስኩ። የገበያ ቀን ነበር። ሚስትህን ወይንእሸትን ቤቷ አጣኋትና ገበያ ውስጥ ጤፍ ስታስለካ አገኘኋት።

"ባልሽ የት ነው?" አልኳት።

"ሥራ ላይ ነው።"

"የቱ ሥራ?"

ወደ ጤፉ ዞረች። ያን ጊዜ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አልክድም። "ልጄን በማርያም ምሎ የወሰደው ሰውዬ ሚስት ይቺ ናት፣ እዩዋት!" አልኩ። ሰው ከበበን። ጤፍ ሰፋሪው ቁናውን እንደያዘ ቀረ። እሷም እያለቀሰች ሁሉንም አወጣችው። ቪዛህ አልዘገየም፤ ክለቡ ሰርዞታል። "ጠፍቷል" ብሎ ለፖሊስ አመልክቶብሃል። ተደብቀህ ነው የምትኖረው። ይህን ሚስትህ ከክረምት ጀምሮ ታውቃለች። እኔ፣ ልጄን የሰጠሁህ፣ አላውቅም።

"ቁርጭምጭሚቷን አሟት ነበር" ብለህ ጻፍክልኝ። የተደበቀ ሰው ቁርጭምጭሚቷን በምን አየው?

ልጄን መልስ። ፓስፖርቷ ክለቡ እጅ ነው አሉ፤ አስወጣና በአውሮፕላን አሳፍራት። ለእጮኛዋ ለሙሐመድሸሪፍ ምን እንደምለው ጨንቆኛል። እህል ተራው ላይ "ሙሽራህ ሮጣ ሄደች፣ አልደረስክባትም?" እያሉ ይስቁበታል። ቃል ሰጥቼዋለሁ። እስከ ጥምቀታችሁ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሽማግሌ ይዤ አባትህ ደጅ ነው የምቆመው።

ዑሙሰልማ


ጥር 13 ቀን 2016

ለወይዘሮ ዑሙሰልማ፣

"አንተ" ማለትዎን አይቻለሁ። እኔ እናቴ እንዳሳደገችኝ "እርስዎ" ማለቴን እቀጥላለሁ። አክብሮት ነው ብለው ግን እንዳይሳሳቱ።

ወይንእሸት ቤቱን ቆልፋ ደብረ ወርቅ አባቷ ዘንድ ገብታለች። ገበያ መውጣት አፍራለች። እንኳን ደስ አለዎት። ልጅዎ ቢቸና ለውድድር ስትመጣ አልጋዋን ለቅቃላት መደብ ላይ የተኛች ሴት ናት። ልጅዎን እሷ አልወሰደችም። ሊጮሁ ከፈለጉ እኔ ነበርኩ የሚጮህብኝ።

እውነቱን ከፈለጉ ይኸው። ባለፈው ክረምት የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ አስቀረበልኝና፣ "ዘሚራ ጥሩ ናት። ግን ለእኛ አገር ትሩጥ። ዜግነት እንሰጣታለን፣ አንተ አሳምናት" አለኝ።

"ለእናቷ ምዬ ነው ያመጣኋት። እንደወሰድኳት ነው የምመልሳት" አልኩት።

ሳቀ። "ቪዛህ የሚያልቀው መቼ ነበር?" አለኝ። መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል፤ የሚያድሰው እሱ ነው።

ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። ቪዛዬ ሲያልቅ አላደሰውም። ሌላ ክለብ ሊቀጥረኝ ፈልጎ ነበር፤ ያለ እሱ ፈቃድ አይሆንም ተባለ። ቀጥሎ ሥራውን ጥሎ ጠፍቷል ብሎ አመለከተብኝ። አሁን ሥራ ብይዝ ወንጀል ነው፤ አገሬ ልግባ ብል አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይይዙኛል። ከግንበኞች ጋር በአንድ ክፍል ታጭቀን እንኖራለን። ቀን ቀን መስኮት እንኳ አልከፍትም።

ቁርጭምጭሚቷን በምን እንዳየሁ ጠይቀዋል። ዘሚራ በዕረፍት ቀኗ ወደ ግንበኞቹ ሰፈር ትመጣለች። ዳቦ ይዛልኝ ትመጣለች፣ እኔ ደግሞ የሳምንቱን ልምምድ እነግራታለሁ። ደረጃውን ስትወጣ ስታነክስ አየኋት። ያየሁት በዚህ ነው።

"ልጄን መልስ" ይላሉ። ዘሚራ ሻንጣ አይደለችም፣ አንሥቼ የምልክልዎት። ለምን እንደማትመጣ እሷን ይጠይቋት። እኔ የማውቀውን ሁሉ እንዳልናገር ተለምኛለሁ።

ሽማግሌ መላክ ይችላሉ። አባቴ ጆሯቸው አይሰማም፤ ሽማግሌዎቹ እንደ እርስዎ መጮህ የሚችሉ ይሁኑ።

ሰጠኝ


ሞጣ፣ የካቲት 15 ቀን 2016

ሰጠኝ፣

ራሷን ጠይቂያት አልከኝ። ጠየቅኳት።

ስልክ በደንብ የሚሠራው ከዓባይ ማዶ ነው ብለው ስለነገሩኝ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ደጀን አድሬ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ያን ሁሉ መልሼ ወጥቼ ጎሐ ጽዮን ደረስኩ። ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል። ሐምዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተቀበለኝ። አንድ ምግብ ቤት ጥግ ይዘን ተቀመጥንና በስልኩ ደወለላት። ፊቷ መጣ።

ከስታለች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠፍራዋለች። ደረቷ ላይ የማላውቀው ባንዲራ አለ።

"ምንድነው የለበስሽው?" አልኳት።

"ማሊያ ነው፣ እናቴ።"

"የማን?"

ወደ ጎን ዞር አለች። ከዚያ ተመልሳ "የዚህ አገር። ዜግነቱን ተቀበልኩ። ለአሰልጣኝ ቪዛውን ሊመልሱለት ቃል ገቡልኝ" አለችኝ።

አስተናጋጇ ውኃ አመጣችልኝ። ሌላም ብዙ ተነጋገርን። ያን ለአንተ አልጽፍም።

ሰጠኝ፣ ልጄን በአንድ ማህተም ለወጥካት። በሞጣ መቃብር አባቷ አለ፣ አያቷ አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን መልሳ ሰጥታለች፤ አሁን ወደ አገሯ ስትመጣ እንግዳ ናት፣ ቪዛ የምትጠይቀው እሷ ናት። አንተ ግን ወረቀትህ ተስተካክሎ ሜዳህ ላይ ፊሽካ ትነፋለህ። ማርያምህን ምን ብለህ ቀና ብለህ እንደምታያት እኔ አላውቅም።

ዑሙሰልማ


የካቲት 28 ቀን 2016

ለወይዘሮ ዑሙሰልማ፣

ወረቀትዎን ግንበኞቹ ሥራ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

በቅርቡ ከክለቡ አንድ ሰው ያለሁበት ድረስ መጥቶ "ክሱ ተነሥቷል፣ ቪዛህ ታድሷል፣ ሰኞ ሥራ ግባ" ብሎኝ ነበር። እኔ እዚህ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ስለ እኔ ለምኖ የተሳካለት መስሎኝ ነበር። ሊቀመንበሩን አቅፌ አመስግኜዋለሁ። አሁን ሳስበው ሰውዬው ግራ ገብቶት ነበር።

ዘሚራ ምንም አልነገረችኝም። ሰኞ ሜዳ ስገባ ይህን አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ልምምዱ ያለ ማሊያ ስለነበር ባንዲራውን አላየሁም። ያመኑኝ አይመስለኝም፣ እንዲያምኑኝም አልለምንም።

አንድ ነገር ግን ተሳስተዋል። እኔ አልለወጥኳትም። ከእንግዲህ የማደርገውን ደግሞ ለእርስዎ ደስታ ብዬ አላደርገውም።

ሰጠኝ


ሞጣ፣ መጋቢት 16 ቀን 2016

ሰጠኝ፣

ደግሜ ጻፍኩልህ፣ መልስ የለም። ሐምዱም ስልክህ ዝግ ነው አለኝ። የሠራኸውን ሠርተህ ጠፋህ ማለት ነው።

ረመዳን ነው፤ ጾመኛ ሆኜ አልረግምህም። ይህ ግን ዒዱ እስኪያልፍ ብቻ ነው።

ዑሙሰልማ


ቢቸና፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016

ለወይዘሮ ዑሙሰልማ፣

ከየት እንደጻፍኩልዎት ከላይ ያነቡታል። ከእንግዲህ በሐምዱ በኩል መዞር አያስፈልግም፤ ያለው የሚባለው የሞጣ አውቶቡስ ሹፌር ያመጣል ይወስዳል። ስልኬ ዝግ የነበረው እስር ቤት ስለነበርኩ ነው። የሆነውን እነግርዎታለሁ፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ወረቀትዎ በደረሰኝ ማግስት ሜዳ ሄድኩ። ዘሚራ ያንን ማሊያ ለብሳ እግሯን ታፍታታ ነበር።

"ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"ቪዛህን አስመለስኩ።"

"ማን ለምኚልኝ አለሽ?"

"ማንም። በል አሁን እንሥራ፣ ውድድሩ ቀርቧል።"

"በዚህ ማሊያ አላሠራሽም። ለእናትሽ ምያለሁ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የተናገረችውን ለእርስዎ እንዳልነግር ከዓመት በፊት ጀምራ ትለምነኝ ነበር። ልመናዋን እስካሁን ጠብቄያለሁ፤ አሁን ግን በቃኝ። እንዲህ አለችኝ። "እኔ የፈረምኩት ለአንተ ቪዛ ብቻ አይደለም። ቪዛህ ምክንያት ሆነልኝ። ሞጣ ልመለስና የሙሐመድሸሪፍ ሚስት ሆኜ የእህል መጋዘን ልጠብቅ? እናቴ ቃል ሰጥቼዋለሁ ትላለች። የሰጠችው እኮ የእኔን ቃል ነው።"

"እንግዲያው ብቻሽን ሩጪ" አልኳት።

"ለእኔ ብለህ የምትሄድ እንዳይመስልህ። ለመሐላህ ብለህ ነው" አለች። አልጮኸችም። "ሂድ። ሰዓቴን ግን ከነገ ጀምሮ ማን ይይዝልኛል?"

በዚያው ቢሮ ገብቼ፣ እሷን በዚህ ማሊያ አላሠለጥንም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ በዚህኛው ቀን ሻይ አላስቀረበም። ቪዛዬ ዳግመኛ ተሰረዘ፤ ፖሊስ መጥቶ ወሰደኝ። የታሰርኩበት ቤት ጠባብ ነበር፣ ሰው በጎኑ ነበር የሚተኛው። ከዚያ ወደዚያ አገር ዳግም እንዳልገባ ተብሎ፣ እጄ ታስሮ እስከ አውሮፕላኑ በር ተሸኘሁ።

ወይንእሸት አልተመለሰችም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቤቱ አቧራ ለብሷል።

እርስዎ ልጄን ለወጥካት ብለዋል። እኔ ሥራዬን፣ ሚስቴን፣ ልጅዎ ለእኔ የነበራትን ፍቅር አጥቼ ነው የተመለስኩት። እርስዎ ምን አጡ? ለአንድ እህል ነጋዴ የገቡትን ቃል። ልጅዎን ያሸሸው የእኔ ቪዛ አይደለም። ያሸሻት የእርስዎ ቤት ነው።

ሰጠኝ


ሞጣ፣ ግንቦት 12 ቀን 2016

ሰጠኝ፣

ያንን ሁሉ አውቀዋለሁ። ጎሐ ጽዮን ላይ ነግራኛለች። "ሌላም ብዙ ተነጋገርን" ብዬ የጻፍኩልህ እሱን ነበር። "እናቴ፣ ለእሱ ቪዛ ባይሆንም እፈርም ነበር" አለችኝ። ሐምዱ ሰምቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ታዲያ ለምን አንተን ሰደብኩ? እሷን ብናገር ስልኩን ትዘጋብኛለች። አንተ ግን ትመልሳለህ። ሌላ የምጣላው ሰው አልነበረኝም። ይህን ስልህ ይቅርታ እየጠየቅኩህ አይምሰልህ። ልጄን ወስደህ፣ ያለ ልጄ ብቻህን ተመልሰሃል። መሐላህን ጠብቄያለሁ ትላለህ፤ እኔ ግን ጠዋት ሱቄን የምከፍተው ብቻዬን ነው። የአንተ መሐላ ለእኔ ምን ሠራልኝ? እሷንም ያለ ተቆጣጣሪ እዚያ አስቀረሃት። ማሊያውን ጠልተህ ልጅቷን ጥለህ መጣህ። እኔ ብሆን ማንኛውንም ጨርቅ ብትለብስ አጠገቧ እቀመጥ ነበር።

ሙሐመድሸሪፍ ሌላ አግብቷል። የሠርጉን ጨርቅ ከእኔ ሱቅ ነው የገዙት። እየለካሁ ሰጠኋቸው፤ ዓይኔን አላነሣሁም።

ደብረ ወርቅ ወርጄ ወይንእሸትን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ቡና እንኳ አላፈላችልኝም፤ ልክ ናት። ወደ አንተ ተመለሺም አትመለሺም አላልኳትም፤ ያ የእኔ ጉዳይ አይደለም።

በሹፌሩ በያለው አፍ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ሞጣ ልምጣና ፊት ለፊት እንነጋገር ብለሃል። አትምጣ። በሱቄ ደጅ እንዳትቆም።

የፊታችን እሑድ አውሮፓ ውስጥ አሥር ሺህ ሜትር ትሮጣለች። ደውላ ነገረችኝ። ልታየኝ ነው ብላ እንዳትጠብቅ ነግሬያታለሁ። ዲሽ ያለው ቤት ሞጣም አለ፤ አልገባም። እዚያ አገር ከዜግነቱ ጋር ያወጡላትንም አዲስ ስም እንዳትነግረኝ። ስሟን ያወጡላት አያቷ ናቸው፣ ዘሚራ ናት። ስንተኛ እንደወጣችም እንዳትነግረኝ። የዚያ አገር ወሬ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ዑሙሰልማ


ቢቸና፣ ግንቦት 19 ቀን 2016

ለወይዘሮ ዑሙሰልማ፣

ሞጣ አልመጣም። "ልጅቷን ጥለህ መጣህ" ያሉኝን ግን ስንት ቀን ይዤው እንደዞርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሊወጉኝ ፈልገው ከሆነ ወግተውኛል።

ትናንት እዚህ አንድ ሆቴል ገብቼ አየሁ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሦስት የእኛ ልጆች ነበሩ፣ ሰው ሁሉ ለእነሱ ይጮሃል። ዘሚራን ያወቃት እኔ ብቻ ነኝ፤ በአዲሱ ስሟ ማንም አያውቃትም። መጀመሪያ ኋላ ነበረች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰብስቦ ነበር፤ ስትጨነቅ እንዲህ ታደርጋለች፣ እርስዎም ያውቁታል። እኔ እዚያ ብሆን "ትከሻ!" ብዬ እጮህላት ነበር። ሲጋመስ ራሷ አስተካከለችው። ከዚያ እየሾለከች ወደ ፊት መጣች።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ተናደደ። "ያቺን ያዟት!" ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው "እሷ ደግሞ ከየት መጣች?" አለኝ።

"ከሞጣ" አልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም።

መጨረሻው ዙር ላይ ደወሉ ሲደወል አራት ሆነው ተያይዘው ነበር። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ለማን እንደምጮህ ግራ ገብቶኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። እንዳትነግረኝ ብለዋል፤ አልነግርዎትም። ቃሌን የምጠብቅ ሰው መሆኔን እንዲያውቁት ነው።

ሰጠኝ


ሞጣ፣ ግንቦት 21 ቀን 2016

ሰጠኝ፣

ያለው አውቶቡሱን አስነሥቶ እኔን እየጠበቀ ጥሩምባ ይነፋል፤ ተሳፋሪው ይሰድበኛል።

ስንተኛ ወጣች?